የመጨረሻው ሰው በሩን ይዘጋል

ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2020

ይድረስ ለአባባ ውብሸት፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጽፍልዎ የቤኪ ታናሽ ወንድም ሐዲስ ነኝ። ቤኪ በየወሩ ይጽፍልዎ ስለነበር ዝም ስንልብዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። አባባ፣ ቤኪ ባለፈው ወር በሽታው ያዘው። ሆስፒታል ገባ። ከዚያ

*

ይህ ደብዳቤ አልተላከም። እትዬ ታየች ከእጄ ወስደው አነበቡትና አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጎረቤታችን ናቸው፤ በዚህ ከተማ ካሉት ሐበሾች አንዱ ሰው ሲሞትበት ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚያረዳ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። መርዶ በፖስታ አይላክም አሉኝ። አባባ ውብሸት የወንድሜ የበረከት የክርስትና አባት ናቸው፤ ቤኪ የምንለው እኛ ነን። አባቴና እሳቸው ኦማሃ በሚባል ከተማ በትልቁ የከብት ገበያ አብረው ሲሠሩ ኖረዋል። ገበያው ሲዘጋ እኛ ወደ ላስ ቬጋስ መጣን፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ። አባቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ካረፈ በኋላ የቤታችን ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን በአረጋውያን ቤት ይኖራሉ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ስልክ አይሆንም፤ በወረርሽኙ ምክንያት ደግሞ ጠያቂ አይገባም። «ይህን ብቻቸውን አንብበው ማን ይደግፋቸዋል?» አሉ እትዬ ታየች። «በሩ ተከፍቶ ሰው በወጉ እስኪያረዳቸው ድረስ ለእሳቸው ቤኪ አልሞተም። ዝም ካልን ግን ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። አንተ ጻፍላቸው።» እኔም ጻፍኩ።

*

ላስ ቬጋስ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020

ይድረስ ለተከበሩ አባባ ውብሸት፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመትና ለመስቀል በሰላም አደረሰዎ። ሰላምታዬ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለጽሕፈቴም ይቅርታ፤ አማርኛ የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ በጣም ሰላም ብላዎታለች። ሆቴሉ መልሶ ጠርቷት በሳምንት ጥቂት ቀን ሺፍት ትገባለች።

ቤኪ ለምን እንዳልጻፈ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና መንዳት ጀምሯል። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ በእሱ ቦታ እኔ እንድጽፍልዎ ተነግሮኛል። እጅ ይነሳል።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገርዎ። ትምህርት በኮምፒውተር ሆኗል። የታሪክ አስተማሪያችን በአሜሪካ አንድ ጊዜ እጅግ ትልቅ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ ነገር መርጠን እንድንጽፍ አዘዘችን። የክፍሌ ልጆች በፈንጂ የፈረሱትን የድሮ ካዚኖዎች ተሻሙባቸው። እኔ የእርስዎን ያርድ፣ የኦማሃውን የከብት ገበያ፣ መረጥኩ። ቤኪ ትከሻዎ ላይ ሆኖ ከላይ እንዳየው ይነግረኝ ነበር። ያኔ ሦስት ዓመት እንኳ ስላልሞላው ያስታውሰዋል ብዬ አላምንም። ግን የከብቶቹን ድምፅ ያስመስለዋል፤ አንድ በሬ ሳይሆን ብዙ በሬ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ።

የመረጥኩበት ምክንያት ሌላም አለ። ባለፈው ሚያዝያ ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ቤኪ በመኪና ካዚኖዎቹ ወደተደረደሩበት ትልቅ መንገድ፣ ወደ ስትሪፑ፣ ወሰደኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የትራፊክ መብራቶቹ ማንም ሳይኖር ይቀያየራሉ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቀይ። ቤኪ ባዶ መንገድ ላይ ቀዩን መብራት አክብሮ ቆመ፤ ሬዲዮውንም አጠፋው። እናቴ የምታጸዳው ሆቴል ጨልሞ ጥቂት መስኮቶች ብቻ በልብ ቅርጽ በርተዋል። ዕድሜዬን ሁሉ እዚህ ኖሬ ያንን ሕንፃ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «አባባ ውብሸት ይህን ቢያዩ፣ ይህንንስ አይቼዋለሁ ይሉ ነበር» አለኝ ቤኪ።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። ያርዱ ምን ያህል ነበር? እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር እንዴት ይዘጋል?

አክባሪዎ ሐዲስ

*

ኦማሃ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዲስ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ፊደልህን ለመፍታት። «ጸ» የምትለዋ እንደ ጥጃ ትራገጣለች። ደግሞ ስለ አማርኛህ ይቅርታ አትጠይቀኝ። እኔ እዚህ ከሚያጥቡኝና ከሚያበሉኝ ሰዎች ጋር በጣቴ የምነጋገር ሰው ነኝ፤ ደብዳቤህ የመጣ ቀን በዓሌ ነው።

ምን ያህል ነበር ላልከው፣ እኔ ያየሁት እርጅናውን ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአባትህ ጋር ከሱዳን ስንመጣ እዚህ የነበሩት ሽማግሌዎች ዘግይታችሁ መጣችሁ ይሉን ነበር። በእነሱ ጉብዝና ጊዜ ቺካጎን እንኳ በልጦ የዓለም ትልቁ የከብት ገበያ ሆኖ ነበር። ባቡሩ ቀን ከሌሊት ሲያራግፍ ይውላል፣ ያድራል። ይህን የከተማውን ክፍል የወለደው በረቱ ነው። መጀመሪያ በረቱ ተሠራ፤ ከበረቱ አጠገብ ቄራው፤ ከቄራው አጠገብ የሠራተኛው ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። የቼክ አገር ሰው መጣ፣ የፖላንድ ሰው መጣ፣ ጥቁሩ ከደቡብ መጣ፣ ሜክሲኮው መጣ። ከሁሉ ኋላ እኛ።

የመጀመሪያዋን ማለዳ ልንገርህ። ለማ የሚባል ቀድሞን የመጣ የአገራችን ልጅ ነው ያስቀጠረን። ከበረቶቹ በላይ ረጅም የእንጨት መሄጃ ነበር፤ ገዢዎቹና ደላሎቹ እዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ ይመርጣሉ። ለማ ወደዚያ አወጣን። ጎህ እየቀደደ ነው። ከእግራችን ሥር እስከ ዓይናችን ማብቂያ በረት ነው፤ በበረቱ ውስጥ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ግንባር። ብርድ ስለነበር ከከብቶቹ ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ ፀሐይዋ ስትወጣ እንፋሎቱ ሁሉ ወርቅ ሆነ። አባትህ የገበሬ ልጅ ነው። በእሱ አገር ሁለት በሬ ያለው ሰው ጌታ ይባላል። ቆብ አድርጎ ነበር፤ አወለቀው። ቆብ ማውለቁን ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። «ውብሸት፣ ይህን ሁሉ የሚበላው ማነው?» አለኝ።

የእኔ ሥራ በር ነበር። መንጋው በመተላለፊያው ሲመጣ አንዱን በር ከፍቼ፣ ሌላውን ዘግቼ፣ ወደሚሄድበት በረት አዞረዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው። ከመንጋው ኋላ የሚመጣው የመጨረሻ ሰው ያለፈበትን በር ዘግቶ «ተዘግቷል!» ብሎ ይጮሃል። ያን ድምፅ ሳልሰማ እኔ የፊተኛውን አልከፍትም። የኋላው በር ክፍት ከቀረ ከብቱ ይመለሳል፤ የተመለሰ መንጋ ደግሞ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ጆሮዬን የበላው እንግዲህ ያ ጩኸት ነው፤ በሬውም፣ ብረቱም፣ ሰውም።

ስለ መዘጋቱ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። አንተ ደግሞ ይህን ንገረኝ፤ በረከት የሚጭነው ምንድን ነው? በየት በየት ያልፋል? በዚህ በኩል ሲያልፍ በመስኮት እንኳ እጁን ያውለብልብልኝ። አንዲት መስመር በራሱ እጅ ይጻፍልኝ። መኪና ነጂ እጅ የለውም እንዴ?

ውብሸት

*

ላስ ቬጋስ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2020

ይድረስ ለአባባ ውብሸት፣

እንደምን ከረሙ? በረዶው ቶሎ እንደጣለብዎ ሰማሁ። የላኩልኝን ሁለተኛ ደብዳቤ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አባቴ ከበሬ ሸሽቶ አጥር ላይ ስለወጣበት ቀን የጻፉትን ስትሰማ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታለች። ስለ እሱ እግዜር ይስጥልኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስለጠየቁኝ፣ ቤኪ የሚጭነው ከብት አይደለም፤ የቀዘቀዘ ድንች ነው። ከአይዳሆ ያነሣል። ዩታን ያቋርጣል፤ እዚያ ነጭ የጨው ሜዳ አለ፤ መንገዱ ሳይታጠፍ ሰማይ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ መኪናውን ይገፋዋል። አንድ ቀን በረዶው ውስጥ የዱር ሚዳቋዎች መንገዱን እስኪያቋርጡ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። የመጨረሻዋ ቆማ አየችው። ኦማሃ ያልመጣው ጭነቱ ወደዚያ ስላላደረሰው ነው። እጁ ደግሞ መሪ ሲይዝ ስለሚውል ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ነው የማይጽፈው።

እኔ አንድ ነገር ሠርቻለሁ። የያርዱን የድሮ ካርታ አግኝቼ በዚያው ልክ በእኛ ሰፈር ካርታ ላይ አስቀመጥኩት። አፓርታማችንን ዋጠው፤ ትምህርት ቤቴንም፤ አውቶቡስ የምንጠብቅበትንም። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ በበረቶቹ መሐል የምሄድ መስሎኝ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ጀርባ ብቻ፣ እንፋሎት ብቻ። አስተማሪዬ ካርታውን አይታ ጽሑፉን እንዳስረዝመው ጠይቃኛለች። የጎደለኝ መጨረሻው ነው። እንዴት እንደተዘጋ አልነገሩኝም።

ሐዲስ

*

ላስ ቬጋስ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2021

ይድረስ ለአባባ ውብሸት፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ደብዳቤዬ አጭር ነው፤ ፈተና አለብኝ። መልካችንን እንደረሱት ስለጻፉልኝ ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ። እናቴ ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ያነሣችን ሚሚ የምትባል የጎረቤት ልጅ ናት። ከእናቴ አጠገብ ያለሁት ረጅሙ እኔ ነኝ። ቤኪ መንገድ ላይ ስለሆነ የለበትም። እንኳን አደረሰዎ ብሏል።

ሐዲስ

*

ኦማሃ፣ ጥር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዲስ፣

ፎቶግራፉ ደረሰኝ። እናትህን አስካልን አየኋት። አንተም አባትህን ሆነሃል፤ አቋቋምህ ሳይቀር። በአልጋዬ ትይዩ ለጥፌዋለሁ። መልስ ያዘገየሁት ትንሽ አሞኝ ነው፤ አሁን ደህና ነኝ።

መጨረሻው ቀረኝ ብለሃል። እነሆ። ትልቅ ነገር ሲወድቅ ድምፅ ይኖረዋል ብለህ አትጠብቅ። መጀመሪያ ባቡሩ ቀረ፤ ከብቱ በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር። መኪና ደግሞ ሐዲድ የለውም፤ እንደ ባቡር ከተማ ካልገባሁ አይልም። ስለዚህ ቄራዎቹ ከብቱ ወደ እኛ ከሚመጣ እኛ ወደ ከብቱ እንሂድ አሉና አንድ ባንድ ወደ ገጠር ወጡ። ገዢውም ገበሬው ደጅ ድረስ ሄዶ ይገዛ ጀመር። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማነው። በእኛ ዘንድ የሆነው አንድ ማለዳ አንድ መተላለፊያ ሳይከፈት መዋሉ ብቻ ነው። ነገ ይከፈታል አልን። በጸደይ ሣሩ የወለሉን ጡብ ሰንጥቆ ወጣ። «ከብት ሲኖር ሣር አልነበረም፤ ሣር ሲመጣ ከብት የለም» እያለ ለማ ይስቅ ነበር። እያደር አንዱ በረት፣ ሌላው በረት። በመጨረሻው ዓመት እኔ የምከፍተው አንድ በር ነበር። አባትህ ያኔ ነው የማይዘጋ ከተማ አለ ብሎ ወደ ላስ ቬጋስ የሄደው። ስትሪፑ ጨልሞ አየሁ ብለህ ስትጽፍልኝ እሱን አሰብኩት። እንኳን አላየ።

አሁን ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ከበረቱ ወደ ቄራው የሚያስገባው መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ይታጠፍ ነበር። በሬ መጨረሻውን አሻግሮ ካየ ይቆማል፤ መቶ ሰው ቢገፋው አይሄድም። ከታጠፈለት ግን የፊተኛውን ጅራት እያየ በሰላም ይሄዳል። ደህና ነጂ አይጮህም፣ አይማታም፤ ከጎኑ ሆኖ ቀስ ይላል። እኛም ሰው ስናረዳ እንዲሁ ነን። የእኔ እናት ሞታ ሦስት ዓመት ሳላውቅ ኖሬአለሁ። አባትህ ያውቃል፣ ለማ ያውቃል። ለምን አትጽፍልኝም ስላቸው ዓይኗ ደክሞ ነው ይሉኛል። እኔም ዓይንሽ እንዴት ሆነ እያልኩ ለሞተች ሴት እጽፋለሁ። አንድ ማለዳ ነጠላ አጣፍተው በራፌ ላይ ቆመው ሳያቸው ገባኝ። ያን ቀን ከእኔ ይልቅ ያለቀሰው አባትህ ነበር። ለእናቴ መስሎኝ ነበር፤ እናቴን አንድ ቀን አይቷት አያውቅም። በኋላ ነው የገባኝ። እነዚያን ዓመታት የተሸከማት እሱ ነበር።

አልተቀየምኳቸውም፤ ዛሬም ማንንም አልቀየምም። ግን እኔ አሁን ሽማግሌ ነኝ፤ መታጠፊያ አያስፈልገኝም። ቀጥ ብሎ የሚመጣን ነገር ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ከእንግዲህ ስለ በረከት ጭነት አልጠይቅህም። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንተም ደክሞሃል። ብላ፣ ተኛ፣ እናትህን ብቻዋን አትተዋት።

ውብሸት

*

ላስ ቬጋስ፣ ማርች 14 ቀን 2021

ይድረስ ለአባባ ውብሸት፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተቀይሜዎት ነበር። ስለ ቤኪ ለምን አይጠይቁም? ረሱት? እያልኩ መልስ ሳልሰጥዎ ሰነበትኩ። ስለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ታየች ቤታችን መጡ። ያ ፎቶግራፍ አንድ ቅጂ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። ውኃ ሊቀዱ ሄደው ከፊቱ ቆሙ። ይህን ለማን ልከሃል አሉኝ። ለእርስዎ መላኬን ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ የእናትህን ነጠላ አታይም? አዘቅዝቃ ነው እኮ የለበሰችው። ሐዘንተኛ እንጂ ማን ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ይለብሳል?» እኔ ነጠላ መገልበጡን አላውቅም ነበር። ነጠላ፣ ነጠላ ነው የሚመስለኝ። ምናልባት እርስዎ አላስተዋሉት ይሆናል አልኳቸው። እትዬ ታየች አዩኝና «እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብትን በጀርባው ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው» አሉ።

ከዚያ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት።

አባባ፣ ቤኪ ሞቷል። የሞተው ነሐሴ ውስጥ ነው። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም፤ ተናግሬውም አላውቅም። ክፍሌ ውስጥ የሚያውቅ ልጅ የለም።

የጭነት መኪና ነድቶ አያውቅም። እዚሁ ከከተማው ሰሜን፣ አሊያንቴ አካባቢ፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ለጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ የሚጠናውን መጽሐፍ ገዝቶ ማታ ማታ ያነብ ነበር፤ ከአልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ትልቅ የአሜሪካ ካርታ አለ፤ ሊሄድባቸው የሚፈልጋቸውን መንገዶች በቀይ አስምሮባቸዋል። እኔ የጻፍኩልዎ እነዚያን መንገዶች ነው። አይዳሆን፣ የጨው ሜዳውን፣ ዋዮሚንግን። ኦማሃ ላይ ክብ አድርጎበታል። መጀመሪያ የጻፍኩልዎ እትዬ ታየች ስላዘዙኝ ነው። በኋላ ግን ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። ሚዳቋዎቹ እስኪያልፉ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ ብዬ ስጽፍ አየው ነበር፤ እጁ ቁልፉ ላይ ነበር።

የተሰናበትነው በስልክ ነው። ነርሷ ስልኩን ያዘችለት። እናቴ ጸሎት አደረሰችለት። እኔ ያልኩትን መጻፍ አልችልም።

ከፋሲካ በኋላ ጠያቂ ይገባል ስለተባለ እናቴና እትዬ ታየች ሊመጡ ነው፤ እኔም እመጣለሁ። እዚያው ያሉት አቶ ለማ በዋዜማው ወደ ቤታቸው ወስደው ሊያሳድሩዎት፣ እኛም በማለዳ ተሰብስበን ልናረዳዎ ተስማምተናል። እናቴ ይህን መጻፌን አታውቅም። እሷ ልትነግርዎ የሚገባትን ነገር ቀድሜ ነጠቅኳት። አሁን ብነግራት ልቧ ይሰበራል፤ ዝም ብል ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ይዛው የምትመጣው ባዶ ነገር ይሆናል። ምን ላድርግ?

ሐዲስ

*

ኦማሃ፣ መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቀጥ ብለህ መጣህ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ያጽናን።

ከፎቶግራፉ ቀን ጀምሮ አውቄአለሁ። ግን አንተ እስክትጽፈው ድረስ አላመንኩትም ብልህ ይሻላል። ሚዳቋዎቹ መንገዱን እስኪያቋርጡ መጠበቁን ወድጄለት ነበር፤ በረከት ነው፣ እሱ ያደርገዋል። አሁንም እላለሁ፤ ያደርገው ነበር።

ለእናትህ አንዳች አትንገራት፤ ለታየችም። ይምጡ። በወጉ ያርዱኝ። ያመጡት ነገር ባዶ ይሆናል ብለህ አትፍራ። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማልቀስ ሌላ ነው፤ ልቅሶ ደግሞ ብቻን አይሆንም። እኔ እዚህ የማለቅስበት ሰው የለኝም፤ አንድ ቀን ሞክሬ ነበር፣ የምትንከባከበኝ ልጅ ደንግጣ መድኃኒት ይዛ መጣች። ከጥር ጀምሮ ይህን ልቅሶ ይዤ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። አስካልም ያን ቃል ከነሐሴ ጀምራ ተሸክማዋለች፤ ለእኔ ሳትነግር ከትከሻዋ አይወርድም። አባትህ የእናቴን ሞት ሲያወርድ አይቼዋለሁ። አስካልን አልቀማትም፤ አንተም አትቀማት።

እንዳልሰማ ሆኜ እቀመጣለሁ። በዚህ እንኳ ማንም አይጠረጥረኝም፤ መስማት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል።

አንተ ከሁሉም ኋላ ግባ።

ውብሸት

*

ላስ ቬጋስ፣ ጁን 6 ቀን 2021

ይድረስ ለአባባ ውብሸት፣

በሰላም ገብተናል። መንገዱን ሁሉ እናቴ ተኝታ መጣች። ተኝታ ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ታየችም «ደህና ሰው አረዳን» ብለው ለሚያገኙት ሁሉ እየተናገሩ ነው። በእሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጆሮዬ ያላገኘውን አንተ ጻፍልኝ ብለውኛል። ፈርተህ ነበር ወይ ብለውም ጠይቀውኛል። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ማስመሰልዎ እንዳይታወቅ ነው የፈራሁት።

አቶ ለማ ሳሎን ስንገባ ገና እየነጋ ነበር። ከሰዎቹ ሁሉ ኋላ ገባሁ፤ እንዳሉኝ። እርስዎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ አጣፍተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አቶ ለማ ሳል ይዟቸው ነበር፤ ከሳሉ በቀር ድምፅ አልነበረም። እናቴ ተንበርክካ ሁለት እጅዎን ያዘች። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። እርስዎ ከንፈሯን ያያሉ። አላቻኮሏትም። አንድ ጊዜ ብቻ አንገትዎን ዝቅ አደረጉላት፤ በርቺ እንደማለት። ያኔ «በረከታችን» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ የወጣውን ድምፅ ነው ያልሰሙት። የእርስዎን ነው የምለው። ያስመስላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አባባ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቤኪ የሚያስመስለው ያ ከሩቅ የሚሰማ የብዙ በሬ ድምፅ ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ሁሉ ተቀበሉዎ። እናቴ እላይዎ ላይ ወድቃ ነሐሴ ውስጥ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፤ እኛ ቤት ጮክ ብላ አልቅሳ አታውቅም፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል ብላ። እኔም አለቀስኩ። ነግሬዎት እንደነበር ለማንም አልተናገሩም። እኔን እንኳ አንድ ጊዜ አላዩኝም። በፊቴ ሲሆን እያየሁ ማመን አቃተኝ፤ የሚያውቁትን ነገር ከእናቴ እጅ እንደ አዲስ ተቀበሉት፤ ሲቀበሉትም አዲስ ነበር።

አስተማሪዬ ጽሑፌን ወድዳዋለች። መጨረሻው ላይ ግን ዛሬ ቦታው ምን ይመስላል ብላ ጠይቃኛለች። ልጽፍላት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ለእርስዎ ልጻፈው፣ አብረን ስላየነው።

ከሰዓት በኋላ ያርዱ ከነበረበት ቦታ ስንደርስ እናቴ መኪናውን አቁማ እዚያው ውስጡ ቀረች። እኔ ተሽከርካሪ ወንበርዎን እየገፋሁ ሄድን። የገበያው ጽሕፈት ቤት የነበረው ረጅም የጡብ ሕንፃ ብቻ ቆሟል። ሌላው ሱቅና መኪና ማቆሚያ ነው፤ ሰዎች ጋሪ እየገፉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንድም በረት የለም። እርስዎ ግን አስፋልቱ ላይ በዚህ ግባ፣ እዚህ ጋ ቁም፣ ወደ ግራ ይሉኝ ጀመር። በየቦታው በር እንዳለ ሁሉ እጅዎን ዘርግተው መወርወሪያውን ያነሣሉ፣ ይገፋሉ፤ እኔም አሳልፍዎታለሁ። ቆመው የነበሩትን መኪኖች ሳይነኩ ነበር የምንዞረው፣ ግን እርስዎ መኪኖቹን አላዩአቸውም። እኔም ትንሽ ቆይቼ አላየኋቸውም። ጀርባ ብቻ፣ እስከ ዓይኔ ማብቂያ። ቆብ ቢኖረኝ አወልቀው ነበር።

አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ። «ለወንድምህ ያን ቀን ምን አልከው?» አሉኝ።

ፊት ለፊትዎ መጥቼ ቆምኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ። «ቻው፣ ማታ እንገናኝ» አልኩት አልኩዎ። ሥራ ሲሄድ ሁልጊዜ የምለውን ነው ያልኩት። እናቴ ጸሎት አድርሳለት እኔ ያልኩት ይህንን ነው።

«ደህና ብለኸዋል» አሉኝ። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ወደ ኋላችን አመለከቱ።

ተመልሼ ሄድኩ። ባዶ አስፋልት ነበር። ያለፍንበት ቦታ ላይ ቆሜ የሌለውን በር በሁለት እጄ ያዝኩት። ገፋሁት። ከባድ ነበር። እስኪገጥም ገፋሁትና በሙሉ ድምፄ «ተዘግቷል!» ብዬ ጮህኩ። ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። እናቴ ከመኪናው ወጣች።

እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ነበር፤ እንደማይሰሙም አውቃለሁ። ግን እጅዎ ያኔ ተነሣ። የፊተኛውን በር ከፈቱ።

ልጅዎ ሐዲስ